ፕላኔት ገማቹ ጎረቤቴ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቴ ታደለ ቡራዩ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የዩኒቨርሱን ፕላኔቶች ገመተ። እንዲህ ያለ ገማች አልገጠማችሁም? ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ የሥራ ፈተና አለበት፤ እሱ ግን ሰማይ ላይ ነው።

«ለእያንዳንዱ ኮከብ ቢያንስ አንድ ፕላኔት ያዝ። ከሩቅ የሚታየው ግን ኮከቡ ብቻ ነው» አለኝ። ማጣራት አልቻልኩም።

«ታክሲውስ ይደርሰናል?»

«ከፊታችን ያለው ስምንት ሰው ነው። ዘና በል!»

ታክሲው ሲመጣ ከታደለ ፊት የቆሙት እናት ወደ ሻይ ቤቱ ዞረው «ኦቦ ቶላ፣ ኑ! ደረሰ!» ብለው ተጣሩ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ሰው ጠሩ። ሻይ ቤቱ ባዶ ሆነ።

«እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?» ብሎ ታደለ ጮኸ።

«ወረፋ ይዘንላቸው ነዋ!» አሉት እናትየዋ። «አንተው አይደለህ ያልከው፣ ልጄ? ኮከቡ እኛ ነን።»

ታክሲው ሞልቶ ሄደ፤ ሌላ ታክሲ ግን ቶሎ አልመጣም። ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ታደለ ያን ጊዜ ቡራዩ ነበር።