በጆሮ የተገዛ ክላርኔት

በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። በቅሎ የሚገዛ ሶምሶማዋን ያያል። ጋቢ የሚገዛማ ዘርግቶ ወደ ፀሐይ ይይዘዋል። ክላርኔት የሚገዛ ሰውስ ምን ይይ? ምንም አይይ! ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ይክፈት። ይህችን ምክር በነጻ የምሰጣችሁ ደግ ስለሆንሁ አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የተሻለ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ስላልነበረ ነው። ትሕትና ጥሩ ነገር እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ በሽመና ክፍል እሠራለሁ፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ በሠራተኞቹ የኪነት ቡድን ክላርኔት እነፋለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ዝግጅት ልናሳይ ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሻገር ማዕበል ተነሣ። ሁለት ሰው የሚያህለው አኮርዲዮን ተጫዋቻችን ደንግጦ ዘፍ አለ። ዘፍ ያለው እክላርኔቴ ላይ ነው። ያን ዕለት ያለ ክላርኔት ዘፈንን። የዘጌ ሰው ጨዋ ነውና አጨበጨበልን።

የሠራተኞች በዓል ደግሞ እየተቃረበ ነው። ቡድናችን ጎዶሎ ሆኖ ከቀረበ እንደሚበተን ከበላይ ተነግሮናል። ሠራተኛው ከደመወዙ አዋጣልን፤ የተዋጣው ግን ጥሩ አዲስ ክላርኔት የሚገዛ አልነበረም። በዚያ ዘመን ምስማር እንኳ ያለ ኮሚቴ አይገዛምና የግዢ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔና ጓድ ሽፈራው። ሰብሳቢው እሱ ነው። ጓድ ሽፈራው ደግ ሰው ነው፣ እጁም ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ዕድሜውን በሙሉ በማቅለሚያ ክፍል ቀለም ሲመርጥ የኖረ መሆኑ ነው።

ገበያ ወጣን። አንድ ነጋዴ በቀይ ከፋይ ከተለበጠ ሣጥን ውስጥ አንድ አዲስ ክላርኔት መዘዘ። ቁልፎቹ እንደ ጥምቀት መስቀል ያብለጨልጫሉ። ዋጋውም ኪሳችንን በርብሮ ያየ ይመስል ልክ የያዝነውን ያህል። ጓድ ሽፈራው ገና ሳይነካው ወደደው። ከመድረክ ላይ ከሩቅ ይታያል አለኝ። ክላርኔት ከሩቅ የሚታየው ለምን ተብሎ ነው? ማማ ነው እንዴ?

እኔ ካልታዘልሁ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሳልነፋ አልገዛም አልሁ። ቀዳዳዎቹን በጣቶቼ ደፍኜ አየሩን ከላይ መጠጥሁ። ጤነኛ ክላርኔት እንዲህ ሲመጥጡት ትንፋሽ ይይዛል፤ ያ ግን እንደ ወንፊት አፈሰሰ። ቀጥዬ ነፋሁት። የወጣው ድምፅ ጣና ዳር ተኝታ ሳለ የረገጧት የይብራ ዳክዬ ጩኸት ነበር። ባለሱቁ ራሱ ደነገጠ። ጓድ ሽፈራው ግን በልምምድ ይስተካከላል ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ይብራ በልምምድ ድምፃዊ አትሆንም አልሁት። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንደዚህ ያለ ገበያ ነው። ተከራክሬ ሌላ የምፈልግበት የአንድ ቀን ጊዜ አገኘሁ።

ሃምሳ አለቃ ተሰማ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩኝ። በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ክላርኔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ምክንያቱ ዕድሜ ነው ይባል እንጂ እውነቱ ጥርስ ነው፤ ድድ ብቻውን ክላርኔት አይይዝም። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ “ይህ ጥቁር እንጨት ሣጥኔን አጣበበብኝ፣ ሽጡልኝ!” እያሉ ሲጨቀጭቋቸው በአጥር ሰምቻለሁ። በማግስቱ ከሥራ እንደወጣን ጓድ ሽፈራውን እየጎተትሁ ሐይቁ ዳር ካለው ቤታቸው ደረስሁ።

ሃምሳ አለቃ ክላርኔቱን ከአሮጌ ጋቢ ውስጥ ፈትተው አወጡት። ጥቁር ነው፣ ደብዛዛ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቀደደ ጎማ ታስሯል። ጓድ ሽፈራው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማደደ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎም፣ “ይህን ይዘን ብንሄድ ገንዘባችንን በልተው ከእሳት የተረፈ ግንዲላ አመጡልን አይሉም?” አለኝ። ስጋቱ የዋዛ አልነበረም። በዚያ ዘመን የሕዝብ ገንዘብ አባከነ መባል የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ግን ሥራዬን ቀጠልሁ። ክላርኔቱን ወደ ብርሃን አቅንቼ በውስጡ አየሁ፤ እንጨቱ አልተሰነጠቀም። መጠጥሁት፤ ትንፋሼን ይዞ ምላሴን አልለቅም አለ። ከኪሴ አዲስ ሸምበቆ፣ ድምፁን የሚሰጠውን ስስ ምላስ፣ አውጥቼ አፉ ላይ አሰርሁና ነፋሁት። እንዴት አድርጌ ነፋሁ? በለሆሳስ! ምስጢሩ ይህ ነው። ሲጮኹበት የማይጮህ መሣሪያ የለም፤ ጩኸትማ ያኔ ከየስብሰባው በነጻ ይታደል ነበር። ጥሩ ክላርኔት የሚለየው ዝግ አድርገው ሲነፉት ድምፁ ባለመክሳቱ ነው። ከታችኛው ድምፅ ተነሥቼ ወደ ላይኛው ወጣሁ። ርካሽ ክላርኔት መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ስቅ ይለዋል፤ ይኼኛው ታንኳ ከዳር እንደምትለቅ ሸርተት ብሎ ተሻገረ። ከዚያ በትዝታ ቅኝት ትንሽ አንጎራጎርሁ።

ሃምሳ አለቃ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ነበር። ጣቶቻቸው ከዘራቸው ላይ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። ከእኔ ጋር እየነፉ ነበር።

ይኼኔ እትዬ ጥሩነሽ ከጓዳ ወጡ። ሞቅ ያለ ዋጋ ሊጠሩ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ “አይሸጥም!” አሉ።

“አንቺው አይደለሽ እንዴ ሽጥ እያልሽ ጆሮዬን የበላሽው?” አሏቸው ባላቸው።

“ያን ጊዜ ዝም ያለ ነበራ!”

ይህን ሲሰማ የጓድ ሽፈራው ዓይን በራ። ባለቤቲቱ አልሰጥም ያለችው ዕቃ መጥፎ ሊሆን አይችልም አለኝና በአንድ ጊዜ አጥባቂ ገዢ ሆነ፤ ሞኝ የያዘውን አይለቅም። ለመነ፣ አባበለ፣ ስለ ሠራተኛው መደብም ጥቂት ተናገረ። በመጨረሻ እትዬ ጥሩነሽ ለስለስ አሉ። “እሑድ እሑድ እየመጣ ደጃፋችን ላይ ከነፋልን ይውሰደው” አሉ። ሃምሳ አለቃ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም፤ “አደራ፣ ዝናብ እንዳይነካው” ብቻ አሉኝ። ጓድ ሽፈራው የተዋጣውን ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠና እጁን አውጥቶ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ማለፉን አስታወቀ።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መጀመሪያ ያንን ያረጀ እንጨት ሲያዩ ጉምጉምታ ተሰማ፤ ጓድ ሽፈራው በላብ ተጠመቀ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዝግ አድርጌ ጀመርሁ። ጉምጉምታው ሞተ። ስጨርስ ሰው ከወንበሩ ተነሣ፤ ቡድናችንም ከመበተን ዳነ። ሃምሳ አለቃና እትዬ ጥሩነሽ የፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ከሁሉ በኋላ ማጨብጨብ ያቆሙት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው።

ሥራ ያወቀ ሰው ግን ያኔ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል እንጂ አያርፍም። ፋብሪካችን ጣና ዳር ላለው አትክልት ቦታ የውሃ ፓምፕ መገዛት ነበረበትና ጓድ ሽፈራው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ለምርጫው ከእኔ የተሻለ ጆሮ እንደሌለ አስረዳ። እኔም አልተቃወምሁም። እውነት ሲነገር እንዴት እቃወማለሁ?

ሁለት ፓምፖች አስነሥተው አሰሙኝ። አንደኛው እንደ አስም በሽተኛ ያስላል፣ አክ ይላል፣ ይተፋል። ሁለተኛው ማሕሌት እንደቆመ ደብተራ ለዘብ ባለ ድምፅ ያዜማል። ሳላመነታ ሁለተኛውን መረጥሁ።

ልሳሳት እችላለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ያለው ፓምፕ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁም። ውሃ አላወጣም እንጂ። ቲማቲሙ በዚያ በጋ ደረቀ፤ የደረቀው ግን በዜማ ነው።