ያልበራው ቱቦ

(የምርምር ላቦራቶሪ። ነጭ ጋውን የለበሱ ሁለት ባልደረቦች፣ በአንድ ዓመት ከአንድ ትምህርት ቤት የተመረቁ። አንዱን ሰው ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል፤ ሌላውን «ዝግታ»። በመካከላቸው የደም ናሙና የያዙ ቱቦዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ አለ።)

ሊቁ፦ አልኩህ እኮ፣ የኔን ቱቦ ከነዚህ ጋር አታሰልፈው።

ዝግታ፦ መደርደሪያው አንድ ነው። የት ላድርገው?

ሊቁ፦ ለብቻው። (ቱቦውን መንጭቆ ያወጣል።) የተራ ሰው ደም አጠገብ አይቆምም።

ዝግታ፦ አጠገቡ ያለው እኮ የኔ ደም ነው።

ሊቁ፦ እሱን ነው የምልህ።

ዝግታ፦ እሺ። ግን ያንተ በምን ተለየ?

ሊቁ፦ ያን ሁሉ ዓመት አብረን ተምረን ዛሬም እንደ ሕፃን ላስረዳህ? ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ምንድን ነው?

ዝግታ፦ ፀረ-በሽታ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሁሉም ከአንድ ሴል ዘር ስለወጡ የሚያውቁት አንድ ሞለኪውል ብቻ ነው። ሴሉ ላይ ካገኙት ይጣበቃሉ፣ በቀባናቸው ቀለም ያበራሉ። ካላገኙት ጨለማ።

ሊቁ፦ ጎሽ፣ አፍህን ፈታህ። እንግዲህ የሰው የመከላከያ ሞለኪውል እንደ መልኩ ይለያያል። ያንተ ደም በስንቱ አንቲቦዲ በራ?

ዝግታ፦ በግማሹ ገደማ።

ሊቁ፦ ተራ። የዘበኛው?

ዝግታ፦ እሱም እንደዚያው፣ በሌላኛው ግማሽ።

ሊቁ፦ ተራ። የኔ በአንዱም አልበራም። እዚህ ቤት ያለ አንቲቦዲ ሁሉ ደሜን አየና «አላውቀውም» አለ። እንደኔ ያለ ሰው ገና አልተፈጠረም ማለት ነው።

ዝግታ፦ ለኃላፊያችን ነገርካቸው እንዴ?

ሊቁ፦ በጠዋት። አሁን እንግዶች ይዘው ይመጣሉ። የአዲሱን ክፍል ኃላፊነት ለኔ ካልሰጡ ለማን ሊሰጡ ነው፣ ላንተ? ለእናቴም ደውዬላታለሁ። አለቀሰች።

ዝግታ፦ በደስታ?

ሊቁ፦ «ድሮም ከወንድሞችህ ጋር አትገጥምም ነበር» አለችኝ።

ዝግታ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለመፈተሻ የምንጨምረው አንቲቦዲስ? ሰው በተባለ ሁሉ ሴል ላይ የሚጣበቀው?

ሊቁ፦ በሱም አልበራሁም። ነገሩ ካሰብኩትም በላይ ትልቅ ነው።

ዝግታ፦ (ቱቦውን ወስዶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣዋል።) ደሙን በጨው ውሃ ማን አጠበው?

ሊቁ፦ እኔ ራሴ። ማጠብ ያንተ ዓይነቱ ሰው ሥራ ነው፤ ነክቼው አላውቅም። የኔን ደም ግን በዚያ እጅህ ልታንቦጫርቀው?

ዝግታ፦ እና ማሽኑ አሽከርክሮ ሲያበቃ ምን አደረግህ?

ሊቁ፦ ታች የረጋውን አተላ አስወግጄ ላይ ያለውን፣ ጥርት ያለውን አስቀረሁ። ንጹሕ ነገር እወዳለሁ።

ዝግታ፦ ወንድሜ፣ አተላ ያልከው ሴሎቹን ነው። ሲሽከረከሩ ታች ይዘቅጣሉ። የጣልከው ደምህን ነው፣ ያስቀረኸው እጣቢውን።

ሊቁ፦ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብዬ ስጸልይ አንተን ሰጠኝ።

ዝግታ፦ አንቲቦዲዎቹ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ነው የዋሉት። በል እጅጌህን ሰብስብ፣ እንደገና ደም ልቅዳህና እኔ ላጥበው።

ሊቁ፦ ቢበራስ?

ዝግታ፦ ከበራማ እንደኛው ተራ ነህ።

(ሊቁ እጅጌውን ወደ ታች ይጎትታል። ኮሪደሩ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ፤ በሩ ይንኳኳል።)

ዝግታ፦ መጡ። አንተ ከፈራህ እኔ ልንገራቸው። ያ መፈተሻ ካልበራ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ቱቦው ውስጥ ምንም የለም፣ ወይ አንተ ሰው አይደለህም።

ሊቁ፦ (ላቡን ይጠርጋል፤ የጋውኑን ቁልፎች አንድ በአንድ ይቆልፋል።) ሁለተኛውን ንገርልኝ።