የሚጠለቅ በርኖስ

ሁለት ደህና እጅ ላለው ሰው ቁልፍ መቆለፍና የጫማ ማሰሪያ መቋጠር ከቁም ነገር አይቆጠርም። አንዱን እጃችሁን በነጠላ ጠቅልላችሁ፣ በሌላው ልልበስ ብላችሁ እስክትሞክሩት ድረስ እናንተም አይገባችሁም። እኔ ገብቶኛል።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ደብረ ወርቅ አጠገብ በተደረገ ውጊያ ቀኝ ክንዴን ጥይት መታኝና ጓደኞቼ እማማ የሻረግ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ትተውኝ ሄዱ። የለበስኩት ከጠላት የተማረከ ባለ ቁልፍ ኮት፣ የተጫማሁትም ማሰሪያው የማያልቅ ከስክስ ጫማ ነበር። እንዴት እንደምኮራበት አትጠይቁኝ። እማማ ግን በየማለዳው እንደ ሕፃን ይቆልፉልኛል፣ ይቋጥሩልኛል፤ እኔ ከኀፍረቴ የተነሳ ጣራ ጣራውን አያለሁ።

በአራተኛው ቀን፣ "ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ድንገት ቢመጡ አንተን አልብሼ ሳልጨርስ ይደርሳሉ" አሉና ኮቱንም ጫማውንም ከጎተራው ሥር ቀበሩት። በምትኩ የሟች ባላቸውን በርኖስ አወጡልኝ፤ ፊቱ የተሰፋ፣ በራስ የሚጠለቅ፣ ክንድን የሚሸፍን። ለእግሬም ማሰሪያ የሌለው ሸበጥ ሰጡኝ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንድ የጣሊያን መኮንን ባንዳ አስከትሎ ቁስለኛ ፍለጋ ግቢውን ገፍቶ ገባ። ቢያገኙኝ እኔን ይሰቅላሉ፣ ቤቱን ያቃጥላሉ። በርኖሱን በግራ እጄ አጠለቅሁ፣ እግሬን ሸበጡ ውስጥ ከተትኩና ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

"ይህ ማነው?" አለ ባንዳው።

"የእህቴ ልጅ ነው፤ ከቁይ ሊጠይቀኝ መጥቶ" አሉ እማማ።

ባንዳው ከላይ እስከ ታች አየኝ። ይህኔ መኮንኑ የጫማው ማሰሪያ ተፈትቶ ኖሮ፣ እግሩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በቋንቋው አንድ ነገር አዘዘ። ባንዳው ተንበረከከ። ማሰሪያው በጭቃ ተለውሶ አልቋጠር አለው።

"ሂድ እንጂ፣ ከብቶቹ ገብሱ ውስጥ ገብተዋል" አሉኝ እማማ።

ሄድኩ። ቀና ብሎ ያየኝም የለ። እነሱ ሲፈቱና ሲቋጥሩ እኔ ወንዙን ተሻገርኩ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲስ ጋቢ ይዤ ላመሰግናቸው ተመለስኩ። በደህና አገኘኋቸው። እግራቸውን ስሜ፣ "ባልዎ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በርኖሱን ለዘመቻ እንዲመቻቸው ብለው ነው እንዲያ ያሰፉት?" አልኳቸው።

"የምን ዘመቻ፣ ልጄ" ብለው ሳቁ። "ማለዳ ተነስቶ መልበስ ሞት የሚመስለው ሰነፍ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በዚሁ ስጨቀጭቀው ኖርኩ።"

ይኸው እስከ ዛሬ ስጸልይ የኚያን ሰው ስም አንስቼ አመሰግናለሁ። ልጆቼ ስለ አንድ ታላቅ ጀግና የምጸልይ ይመስላቸዋል።