እርስዎ ይቅደሙ

ሌባም አይቻለሁ፣ ነገረኛም አይቻለሁ። እንደ «እርስዎ ይቅደሙ» ባይ ግን ተስፋ ያስቆረጠኝ የለም። ጨዋ ነውና ምን ብላችሁ ትቆጡታላችሁ?

ትናንት ከቢቸናና ከሞጣ ተሰባስበን ጣና ላይ ወዳለ ገዳም ሄድን። ትልቁ ጀልባ ደሴቱን መጠጋት ስለማይችል በትንሽ ታንኳ መሻገር ነበረብን። ማዕበሉ ታንኳዋን ሰፌድ ላይ እንዳለ እህል ያንገዋልላታል። የቢቸናው አቶ አድማሱ፣ ልጃቸው ከበሽታው ቢድንላቸው ለታቦቱ የተሳሉትን ጥላ ታቅፈው እግራቸውን አነሡ። ወዲያው የሞጣውን አቶ ጥሩነህን አዩና መለሱት።

«እርስዎ ይቅደሙ!»

«ኧረ በማርያም! እርስዎ እያሉ?»

«እኔ ልሙት፣ ይቅደሙ!»

«አባቶቼ፣» አለ ባለታንኳው፣ «እንዲህ ከቀጠላችሁ ሁላችንም እንሞታለን!»

ከኋላ ያለነውስ? ሽማግሌዎችን ቀድሞ የሚወርድ አሳዳጊ የበደለው ማን አለ? ቆመን ተወዛወዝን።

ነፋሱ ይሉኝታ የለውም፤ እየበረታ መጣ። ነጂው «በቃ!» ብሎ ጀልባውን ወደ ባሕር ዳር አዞረው። ገዳሙ እየራቀ ሲሄድ አቶ አድማሱ ጥላውን እንደታቀፉ አለቀሱ። አቶ ጥሩነህም አብረዋቸው አለቀሱ።

ታዲያ ተማሩ ትላላችሁ? ዛሬ ስንመለስ አውቶቡሳችን ለምሳ ሞጣ ላይ ከቆመ ቆይቷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ተያይዘው ይማማላሉ። ይህን የምጽፍላችሁ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ለመነሣት አልቸኮልኩም።