ስሟን የምትጠራው ጣቢያ

[ኮረብታ ላይ ያለች አንዲት ክፍል። ለአውሮፕላን አቅጣጫ የምታሳይ የሬዲዮ ጣቢያ ናት። ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ «ቲት፣ ቲት፣ ታት» የሚል ድምፅ ያለማቋረጥ ይሰማል። ጣቢያዋን ለመዝጋት ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ወጣት ኢንጂነር ሪፖርት ይጽፋል። ጣቢያዋን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቋት ጋሼ ወለል ይወለውላሉ።]

ኢንጂነር፦ ጋሼ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው! ይቺን ጩኸት ዝም ያሰኙልኝ!

ጋሼ፦ ጩኸት አይደለም እኮ ኢንጂነር። ስሟን እየጠራች ነው።

ኢንጂነር፦ ማን?

ጋሼ፦ ጣቢያዋ።

ኢንጂነር፦ [ለራሱ] ሰውዬው ብቻቸውን ብዙ ቆይተዋል። [ጮክ ብሎ] ለማን ነው የምትጠራው? ለበጎች?

ጋሼ፦ ለፓይለቶች። «ቲት» እና «ታት» የስሟ ፊደሎች ናቸው።

ኢንጂነር፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ሳተላይት የሚባል ነገር አለ። ፓይለቱን ያለህበት ቦታ ይሄ ነው ብሎ ቁጭ ያደርግለታል። የእርስዎ ጣቢያ ምን ትለዋለች?

ጋሼ፦ «እዚህ ነኝ» ትለዋለች።

ኢንጂነር፦ በቃ?

ጋሼ፦ በቃ። እሷ ከተዘጋች እኔም አብሬ መዘጋቴ ነው። ለመሆኑ ሳተላይቱ አይታመምም?

ኢንጂነር፦ [እየሳቀ] አዎ፣ ጉንፋን ይይዘዋል!

ጋሼ፦ ድምፁ ከዚያ ሁሉ ርቀት ሲደርስ ሹክሹክታ ነው አሉ። ቀረብ ብሎ የሚጮኽ ካለ ይውጠዋል ሲሉ ሰምቼ ነው።

ኢንጂነር፦ ለቀባሪው አረዱት! [ተነስቶ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ያነባል] «መለያ ድምፅ»... ይኸውና! [ያጠፋዋል። ጸጥታ።] እፎይ! ጣቢያዋ እየሠራች ነው፤ የጠፋው ወሬዋ ብቻ ነው።

ጋሼ፦ ኧረ ኢንጂነር፣ እሱን እኮ የምናጠፋው...

ኢንጂነር፦ ጋሼ! ወለልዎን ይጨርሱ።

ጋሼ፦ እሺ ጌታዬ።

[ስልክ ይጮኻል።]

ኢንጂነር፦ ሄሎ? ከመቆጣጠሪያ ማማ?... የሳተላይቱ ምልክት ተረበሸ?... አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ እየዞረ ነው? ታዲያ የእኛን ጣቢያ ይከተላ! ጠቋሚው አያሳየውም?... ያሳየዋል፣ ግን አያምነውም? [ስልኩን በእጁ ሸፍኖ] ጋሼ፣ ለምንድነው የማያምነን?

ጋሼ፦ ጣቢያዋ ስትጠገን ስሟን እናጠፋለን። ፓይለቱ ስሟን ካልሰማ «ተበላሽታለች፣ እንዳልከተላት» ይላል። ገና ሲማሩ ነው የሚነገራቸው።

ኢንጂነር፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!

ጋሼ፦ ወለልዎን ይጨርሱ ብለውኝ ነዋ።

ኢንጂነር፦ [ወደ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ዞሮ] የቱ ነበር ያጠፋሁት? ጋሼ፣ በሞቴ!

[ጋሼ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በአንድ ጣት ይጫናሉ። «ቲት፣ ቲት፣ ታት።» ኢንጂነሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ደቂቃዎች ያልፋሉ።]

ኢንጂነር፦ አረፈ? ተመስገን!... ማን ነበር የተሳፈረው? [ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል]

ጋሼ፦ ምን ሆኑ?

ኢንጂነር፦ ዋና ዳይሬክተሩ። ጣቢያዋ ትዘጋ ብለው የፈረሙት።

ጋሼ፦ እሰይ፣ እንኳን በሰላም ገቡ። የፊርማቸውን ጣጣ ከላይ ሆነው አዩት።

ኢንጂነር፦ [የጻፈውን ሪፖርት ቀዶ ይጥላል] በቃ፣ እንደ አዲስ እጽፋለሁ። «ጣቢያዋ መዘጋት የለባትም።» ስለ እርስዎም... ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ «ነገር ቶሎ የማይገባቸው ሰው ናቸው» ብዬ ጽፌ ነበር። አዲሱ ላይ አልደግመውም።

ጋሼ፦ አይ፣ እሱን እንኳ ይድገሙት፤ እውነት ነው። እኔ ሳይገባኝ ማብሪያ ማጥፊያ ነክቼ አላውቅም።