እትዬ ውባለም የፈረዱባት ሴት

«ድርና ማግ ነበርን ካንድ እንዝርት የወጣን፣
እምም... እምም... እምም... ምን አመጣን።»

እትዬ ውባለም ይህችን የሚያንጎራጉሩት የእሑዱ ድራማ ሊጀምር ሲል ማስታወቂያው የተንዛዛባቸው እንደሆነ ነው። መሐሉን አያውቁትም። እኔ ደግሞ ስንኝ ተበጥሶ ሲቀር ሆዴ አብሮ የሚባባ ሰው ስለሆንኩ፣ አንድ ቀን ከራሴ ጨምሬ ልሞላላቸው ሞከርኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ተወው። ያላወቁትን ነገር ከሆድ አውጥቶ መጨመር ነውር ነው» አሉኝ። ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ድራማው ጀመረ፤ እሳቸውም በማያውቁት ሰው ላይ መፍረድ ጀመሩ።

በአገራችን በእውነተኛ ወንጀል ላይ የተመሠረተ ድራማ በወጣ ቁጥር ለአንድ ሟች ሦስት ጊዜ ችሎት ይቆማል። መጀመሪያ ዳኞቹ ያዩታል። ቀጥሎ ደራሲው ያየዋል። በመጨረሻ ይግባኝ ወደሌለበት ወደ ሳሎን ይመጣል። የሳሎን ዳኛ የሌለበት ሰፈር ደግሞ የለም። ይህ ዳኛ ምስክር እስኪሰማ አይጠብቅም፤ የተዋንያኑን ስም ሳያውቅ ገዳዩን ያውቀዋል። የእኛ ሰፈር ችሎት ከሽሮ ሜዳ ገበያ ሽቅብ በሚወጣው ቅያስ፣ በክብርት ሰብሳቢ ዳኛ በእትዬ ውባለም ሳሎን ያስችላል። እኔ በግቢያቸው ተከራይ ስለሆንኩ ቋሚ ታዳሚ ነኝ። ጎረቤታችን ጉታ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ፣ ማንም ሳይሾመው ጠበቃ ሆኗል።

ድራማው «የገበያ ማግስት» ይባላል። ከሰባት ዓመት በፊት ሸጎሌ ከብት ይነግድ የነበረ ሰው ተገድሎ ነበር፤ ታሪኩ ከዚያ የተቀዳ ነው። ስሞቹን ቀይረዋቸዋል፤ ስም መቀየር ግን እኛ ሰፈር ማንንም አያታልልም። ሟቹ ቱሉ ነው፤ እኛው መሐል የኖረ፣ እኛው የቀበርነው። ገዳዩም ታውቋል፤ የንግድ ሸሪኩ አምኖ፣ ተፈርዶበት፣ ዛሬም ወህኒ ቤት ነው። ታዲያ ገዳዩ የታወቀ ድራማ ምን ያጓጓል? ደራሲውም ይኸው ሳያስጨንቀው አልቀረም፣ በየክፍሉ መጨረሻ ካሜራውን ወደ ሟች ሚስት ያዞርና ክራር ያስደረድርባታል። ክራር ካለ ሰው ይጠረጥራል። እኔ ራሴ ክራር እየሰማሁ የማላምነው ነገር የለም።

እትዬ ውባለም ግን በክራር የሚደለሉ ዳኛ አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሕጋቸውም አንድ ነው፤ «ክሩን ሳብ አድርገው፣ ጨርቁ ይናገራል።» በዚህ ሕግ ያልዳኙት ነገር የለም። በመጀመሪያው ክፍል መርማሪው የሟችን ብርጭቆ በባዶ እጁ ሲያነሣ፣ «አስቀምጥ አንተ» ብለው ክፉኛ ስለገሠጹት ጉታ የራሱን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በሁለተኛው ክፍል ነጋዴው የበሬውን ሻኛ ሳይዳብስ ዋጋ ጠራ። «ይኼ ሰውዬ ሸጎሌን በካርታ ነው የሚያውቃት» አሉ። ጉታ ነገሩ ፊልም መሆኑን ሊያስታውሳቸው ሞከረ። በሬውም ፊልም ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ጉታ አሰብ አደረገና በሬውስ እውነተኛ መሆኑን አመነ።

«እንግዲያው ይዳሰስ» አሉ፤ ክርክሩ ተዘጋ።

ሦስተኛው ክፍል ካለቀ በኋላ በቴሌግራም ለጣቢያው የድምፅ መልእክት ላኩ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ለምርመራ ክፍሉ አድርሱልኝ» ብለው ጀምረው፣ የሟች ስልክ የት ተጥሎ ሊገኝ እንደሚችል፣ በየትኛው በር መግባት እንደሚሻል፣ ዋናው ተዋናይም ጢሙን ቢላጭ ለሥራው እንደሚያምርበት ዘረዘሩ። ጣቢያው የቀይ ልብ ምልክት መለሰላቸው። እሳቸው ይህን ምርመራው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው ማለት ነው ብለው ተረጎሙት።

ከዚያ የቀብሩ ክፍል መጣ።

በእኛ ወግ ሴት ሐዘን ሲደርስባት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ በደህናው ቀን ከታች የሚውለው ጥለት ወደ ላይ ይወጣና አንገቷን ይዞራል። ነጠላዋ እንዲህ ሆኖ የታየችን ሴት ማንም «ምን ሆንሽ?» ብሎ አይጠይቃትም፤ ጨርቁ ቀድሟት አልቅሷል። የድራማዋ ሚስት ግን የባሏን ሣጥን ተከትላ ስትሄድ፣ ጥለቷ እንደ ሠርግ ቀን ከታች ሆኖ በነፋስ እየተርገበገበ ታየ።

እትዬ ውባለም ከሶፋው ተነሡ። ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደው ጥለቱን በጣታቸው ነኩት።

«ገደለችው» አሉ።

ጉታ የታሰረውን ሸሪክ ጠቀሰ። ሰውየው በገዛ አፉ ማመኑን፣ ፍርድ ቤትም ማረጋገጡን አስረዳ። ክብርት ዳኛዋ በትዕግሥት አዳመጡት። «እሱ እጅ ነው፤ ሐሳቡ የእሷ ነው። ባሏ ሞቶ ነጠላዋን ማዘቅዘቅ የረሳች ሴት ሐዘን አልገባባትም ማለት ነው። ክሩን ሳብ አድርገው እንጂ ልጄ።» ጉታ ተረታ። እኔም በክራሩ ተይዤ ስለነበር አልተቃወምኩም።

ፍርዱ ሰኞ ገበያ ወረደ። ሽሮ ሜዳ ውስጥ በነጠላ ጉዳይ የእትዬ ውባለምን ቃል የሚጠራጠር አልተወለደም። ሸማኔው ለነጋዴው፣ ነጋዴው ለገዢው፣ ገዢው ለታክሲው ተሳፋሪ አቀበለ። ሳምንቱ ሳይጋመስ በድራማው ገጽ ሥር የሚጻፈው ሁሉ ስለ ነጠላው ሆነ። አንዱ ከመጀመሪያውም ዓይኗን አላመንኩትም ነበር ይላል፤ ሌላዋ ፍርድ ቤቱ ያላየውን እናቶቻችን አዩት ብላ ታለቅሳለች፤ አንዱ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ትቶ የክራር ደርዳሪውን ስልክ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ቢቀር ምንም አልነበረም። ተዋናይዋ ጉለሌ ቤት የላትም። የቱሉ ሚስት ኢየሩ ግን አላት። ከእኛ ግቢ ዝቅ ብላ ትኖራለች፤ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ታፈላለች። መጀመሪያ የሰው ሰላምታ አጠረባት። ቀጥሎ ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆም ጀመር። የቱሉ የሰባት ዓመት ተዝካር ደርሶ ጎረቤቱን ስትጠራ ደግሞ፣ እሑድ ዕለት ሥራ የሌለው ሰው ጠፋ። እኛ ሰፈር ማንም ማንንም ፊት ለፊት «ጠርጥሬሻለሁ» አይልም። እህሏን አይበላም፣ በቃ። የባሏ ተዝካር ላይ እህሏ ያልተበላላት ሴት ከዚያ በኋላ ዕቃዋን ጠቅልላ ከመሄድ በቀር ምርጫ የላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ኢየሩ ወደ እትዬ ውባለም ሱቅ መጣች። እኔ ጋቢ ልመርጥ ገብቼ በወሬ ተይዤ ነበር። ከደጃፉ አላለፈችም።

«እትዬ ውባለም፣ እርስዎንም ለነገ ልጠራ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ውባለም የታጠፈ ነጠላ ፈተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። ነገ እንኳ የሚሄዱበት ጉዳይ እንዳላቸው ማጉረምረም ጀምረው ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለች። «ቱሉ የተቀበረ ዕለት ነጠላዬን ያዘቀዘቀልኝ ማን ነው?»

እጃቸው ቆመ።

«እኔ ነኛ።»

«ለምን እርስዎ?»

«አንቺማ ምን አቅም ነበረሽ፣ ልጄ። ነጠላሽን የት እንደጣልሽው እንኳ አታውቂም። ከራሴ ትከሻ አውርጄ ነው ያለበስኩሽ።»

«እዚያ የነበረው ታዲያ ቴሌቪዥኑ ነው ወይስ እርስዎ?»

መልስ አልጠበቀችም። ደህና ዋሉ ብላ ቁልቁል ወረደች። እትዬ ውባለም ነጠላውን ደረታቸው ላይ እንደያዙት ቆመው ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ መልእክት ገባ። «ውባለም ነኝ። ባለፈው እሑድ የሰጠሁትን ፍርድ አንሥቻለሁ። ያቺ ልጅ ተዋናይ ናት፤ ያለበሳትም ሰው ሸማ አያውቅም። ሸማ የማውቀው እኔ ግን እውነተኛውን ቀብር ቆሜ፣ በእጄ አልብሼ ሳበቃ፣ የጨዋታውን አመንኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ ኢየሩ ቤት ነኝ።» እሳቸው እሳቸው ናቸውና፣ ደግሞ ጨመሩበት፤ «የድራማው አልባሽ ይህን የምትሰማ ከሆነ ሱቄ ትምጣ፣ አስተምራታለሁ።»

ሁሉም ሰማው። ወሬው ግን አልተመለሰም። እኔም አንድ ስንኝ መጣብኝ፦

«ወሬ ቁልቁል ወርዶ፣ ውኃ ሆኖ ፈሶ፣
ማን በእንስራ ቀድቶ ያወጣው መልሶ።»

ብዙ የሳሎን ዳኞች አውቃለሁ። ሲሳሳቱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ «እኔ እንኳ እንደዚያ አላልኩም» ይላሉ፤ ወደሚቀጥለው ድራማ ይሻገራሉ። በፈረዱበት ድምፅ፣ ያንኑ ያህል ጮክ ብለው፣ ፍርዳቸውን ሲያፈርሱ የሰማሁት እኚህን ሴትዮ ብቻ ነው። ኪራይ ርካሽ የሆነበት ቤት ባገኝም ከዚህ ግቢ የማልወጣው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

እሑድ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ሲሄዱ ድንኳኑ ባዶ አግዳሚ ብቻ ቀረው። ጎረቤቱ በየበሩ ቆሟል። እትዬ ውባለም እኔንና ጉታን ግራና ቀኝ አስከትለው ደረሱ። ሲገቡ የድንኳኑ ገመድ እንደረገበ ተናገሩ። አግዳሚው ያለቦታው እንደተቀመጠ ተናገሩ። ወጡን በአፍንጫቸው ቀምሰው ጨው ሳያንሰው እንደማይቀር ገመቱ። በየበሩ ያለው ሰው አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ሐዘንተኛ ቤት ብቅ ብሎ መሄድ ለወግ ነው፤ ማንንም ነጻ አያወጣም።

ኢየሩ የእጅ ውኃ ይዛ ቆመች።

«ጉታ፣ የድንኳኑን ፊት ግለጠው» አሉ።

ጉታ ገለጠው። እኔ አግዳሚውን እየጎተትኩ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ወደሚታየው ቦታ፣ ባዘዙኝ መሠረት አመጣሁት። እትዬ ውባለም እጃቸውን ታጠቡ። ማንቆርቆሪያውን ከኢየሩ ተቀብለው መሬት አስቀመጡና አጠገባቸው ቦታ ሰጧት። ከዚያ ወደ መንገዱ ሳያዩ፣ «ግቡ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አሉና ተቀምጠው ጎረሱ።