ንጉሥ ያደሩበት ቤት ክዳን

አንኮበር ውስጥ ንጉሥ ያላደሩበት ቤት ካገኛችሁ፣ ባለቤቱ ወሬ አያውቅበትም ማለት ነው። ነገሥታቱ በቤተ መንግሥታቸው መቼ ያድሩ እንደነበር እኔን አትጠይቁኝ... እኛ ቤት ነበሩ!

እኔም ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «አያቴ የሠሩት ቤት ነው፤ ንጉሡ ሦስት ሌሊት አድረውበታል» ስል ኖሬያለሁ። የትኛው ንጉሥ? እሱ እንደ እንግዳው ነው።

ባለቤቴ አስካለ ግን ታሪክ በቅቷታል። የሳር ክዳኑ ያፈሳል። «ይህ ቤት ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ካልለበሰ፣ ጫጫ ከተማ እናቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ። አስካለ ካለች አለች ነው። ደንግጬ ከደብረ ብርሃን ቆርቆሮ በበቅሎ አስጭኜ መጣሁ።

ቆርቆሮው ገና ጓሮ እንደተቀመጠ፣ አንድ ወጣት ሹም ከአዲስ አበባ መዝገብ ይዞ ከተፍ አይል መሰላችሁ! ታሪካዊ ቤቶችን ሊመዘግብ ነው። የተመዘገበ ቤት ደግሞ ምስማር አይመታበትም፤ ሳሩም ሳር ሆኖ ይኖራል። ቆርቆሮውን ገለባ አልብሼ ወደ በሩ ሮጥኩ።

«እዚህ ቤት ንጉሥ አድረዋል ይባላል» አለኝ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ዶሮ እንኳ በቅጡ አድራ አታውቅም።»

«መቼ ተሠራ?»

«አምና።»

ጭስ ያጠቆረውን ጣሪያ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

ይሄኔ ጎረቤቴ አቶ ወልደየስ ብቅ አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ወሬዬን «ውሸት ነው» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬስ ሊጠቅሙኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«አቶ ወልደየስ፣ እስቲ ይንገሯቸው። እዚህ ቤት ንጉሥ አድረው ያውቃሉ?»

አቶ ወልደየስ ወደ ጓሮ አዩ። ገለባውን ነፋስ ገልጦት ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። በሰፈሩ ቆርቆሮ የለበሰው የእሳቸው ቤት ብቻ ነው፤ እንደዚያው እንዲቀርም ይፈልጋሉ።

«ሦስት ሌሊት አድረዋል» አሉ ኮስተር ብለው። «መኝታውን ያነጠፉላቸው እንዲያውም የእኔ አያት ናቸው።»

ሹሙ ጻፈ። እንዴት እንደተናደድኩ! ሃያ ዓመት የዋሸሁት ውሸት ማኅተም ተመታበት።

ሐምሌ ገባ። አስካለ አልጋችንን ከጥግ ወደ ጥግ ስትገፋ ሰነበተችና፣ አንድ ቀን ከቁርስ በኋላ ጓዟን ጭና በቅሎ ላይ ወጣች።

«አስካልዬ፣ ንጉሥ እንኳ ያልናቁት ቤት እኮ ነው» አልኳት።

«ንጉሡ የመጡት በበጋ ነው» አለችኝ ልጓሙን እየሳበች። «እኔም በበጋ እመለሳለሁ።»